ጥቂት ሠራተኞች ያሉት አፈር፦ ጥቃቅን አርትሮፖዶች በደሴቶች ሥነ ምኅዳር ያላቸው ድርሻ



የባሕር ዳርቻ በሌላት አገር ስለ ሩቅ ደሴቶች አፈር፣ ያውም በአፈሩ ውስጥ ስለሚርመሰመሱና ዓይን በቅጡ ስለማያያቸው ፍጥረታት ንግግር ማድረግ ለምን አስፈለገ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ከመልሱ ልጀምር። በእኛ ደጋ ከአንድ የወይራ ዛፍ ሥር አንድ እፍኝ አፈር ብናነሣ፣ በውስጡ ቅጠል የሚቆራርጥ፣ ፈንገስ የሚግጥ፣ የሌላውን ኩስ የሚበላ፣ እርስ በርሱም የሚበላላ ብዙ ዓይነት ፍጥረት እናገኛለን። ሥራው ይሠራል፤ የረገፈው ቅጠል ይበሰብሳል፤ አፈሩም ይለማል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል አንዱ ቢጎድል ምን እንደሚከተል ግን ከዚያ እፍኝ አፈር ማወቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሸፍነዋልና። በደሴት ላይ ሠራተኛው ጥቂት ነው። አንዱ ሲቀንስ ሥራው ሲጓደል ይታያል፤ አንድ እንግዳ ሲጨመርም ሥራው ሲለወጥ ይታያል። ዛሬ የማስረዳው ይህንኑ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ላሳስብ።

አርትሮፖድ ስንል ሰውነታቸው በአንጓ የተከፋፈለ፣ እግራቸው መጋጠሚያ ያለው፣ ደጋፊ አካላቸውን እንደ ጥሩር ከውጭ የለበሱ እንስሳት ማለታችን ነው፤ ንብም፣ ጊንጥም፣ ሸረሪትም፣ ሸርጣንም በዚህ ክፍል ውስጥ ይገባሉ። በአፈር ውስጥ በቁጥር የሚያይሉት ግን ርዝመታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ሁለት ወገኖች ናቸው፤ ማይቶችና ኮሌምቦላዎች። ማይት የመዥገር የቅርብ ዘመድ ነው፤ እዚህ የምናወራላቸው የአፈር ማይቶች ግን ደም መጣጮች ሳይሆኑ አብዛኞቹ የሞተ ተክልና ፈንገስ በልተው የሚያድሩ ናቸው። ኮሌምቦላ ክንፍ የለውም፤ ከሆዱ ሥር ታጥፎ የተቀመጠ ሹካ መሰል ጅራት አለው፤ ሲደነግጥ ይህን ጅራት እንደ ወስፈንጥር ለቅቆ የራሱን ቁመት ብዙ እጥፍ ይዘላል። በስኮትላንድ በራይኒ መንደር የተገኘው የኮሌምቦላ ቅሪተ አካል ዕድሜው ወደ 400 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። እንግዲህ እነዚህ ፍጥረታት አበባ ያለው ተክል በምድር ላይ ከመታየቱ እጅግ አስቀድሞ አፈር ውስጥ ነበሩ። በአንድ ካሬ ሜትር ጤናማ የደን አፈር ውስጥ ቁጥራቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው።

በነገራችን ላይ ቋንቋችን ለነቀዝ፣ ለምስጥ፣ ለቅንቅን፣ ለመዥገር፣ ለቁንጫ ስም ሰጥቷል። የሚጎዱንን ሁሉ ለይተን ጠርተናቸዋል። ኮሌምቦላ ግን ጎድቶን አያውቅምና፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ የአማርኛ ስም ሳያገኝ ቀርቷል። ከተማሪዎቼ አንዱ ጥሩ ስም ቢያወጣለት ደስ ይለኛል።

ወደ ሥራቸው ልመለስ። የረገፈን ቅጠል በመጨረሻ የሚያፈርሱት ባክቴሪያና ፈንገስ ናቸው፤ የኬሚካሉ ሥራ ትልቁ ድርሻ የእነርሱ ነው። ታዲያ አርትሮፖዶቹ ምን ያደርጋሉ? በቤታችን የምናውቀውን እናስብ። ድፍን ጤፍ ላይ ውኃና እርሾ አፍስሰን ብንተወው ኩፍ ያለ ሊጥ አናገኝም። ጤፉ ተፈጭቶ ዱቄት ሲሆን ግን እርሾው የሚይዘው ገጽ ስለሚያገኝ በሁለት በሦስት ቀን ሊጡ ይነሣል። በአፈር ውስጥ ያሉት ጥቃቅን አርትሮፖዶች ወፍጮው ናቸው። ቅጠሉን ይቆራርጡታል፤ በሆዳቸው አሳልፈው በደቃቅ ኩስ መልክ ይመልሱታል፤ ባክቴሪያውም በዚያ ደቃቅ ነገር ላይ ይሠለጥናል። ሥራቸው በዚህ አያበቃም። ፈንገሱን እየጋጡ ያረጀው በአዲስ እንዲተካ ያደርጋሉ፤ ዘሩን በሰውነታቸው ተሸክመው ከቦታ ወደ ቦታ ያዛውራሉ፤ በፈንገሱ አካል ውስጥ ተቆልፎ የነበረውን ናይትሮጅንም በልተው ለተክል ሥር በሚስማማ መልክ ያስወጣሉ። የሚበሉት የቅጠል መጠን ብቻ ቢለካ ድርሻቸው አነስተኛ ሊመስል ይችላል። የእነርሱ ጉልበት ሌሎችን በማሠራት ላይ ነው።

የምናያቸውም በቀላል መሣሪያ ነው። ጣሊያናዊው የነፍሳት ተመራማሪ አንቶኒዮ በርሌዘ በ1905 የነደፈውን፣ ስዊድናዊው አልበርት ቱልግሬን በኋላ የኤሌክትሪክ አምፑል የጨመረበትን ዘዴ ዛሬም እንጠቀማለን። አፉ ሰፊ፣ ግርጌው ጠባብ በሆነ ፈነል ላይ ወንፊት ይደረጋል፤ በወንፊቱ ላይ አፈሩ ይቀመጣል፤ ከላይ አምፑል ይበራል። አፈሩ ከላይ ወደ ታች እየደረቀ ሲሄድ ፍጥረታቱ ከሙቀቱና ከብርሃኑ ሸሽተው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ በመጨረሻም ከሥር በተቀመጠው አልኮል ውስጥ ይወድቃሉ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ መሣሪያ ነው። የምርምር ዕቃ የለንም የሚለው ምክንያት በዚህ መስክ ብዙም እንደማያስኬድ ለወጣት ባልደረቦቼ በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ እወዳለሁ።

አሁን ወደ ደሴቶቹ እንሻገር። አዲስ ደሴት ከባሕር ሲወጣ ባዶ ድንጋይ ነው። እነዚህ ፍጥረታት እንዴት ይደርሱበታል? ክራካታው በነሐሴ 1883 ከፈነዳ በኋላ በቀጣዩ ዓመት በግንቦት ደሴቲቱን የጎበኙት ፈረንሳውያን አጥኚዎች ያገኙት ሕያው ፍጥረት ድሯን የምታደራ አንዲት ደቃቅ ሸረሪት ብቻ ነበረች። ሸረሪት በድሯ ክር ተንጠልጥላ በነፋስ ትጓዛለችና ይህ አያስደንቅም። የበለጠ የሚያስደንቀው የሰርትሲ ታሪክ ነው። ሰርትሲ ከአይስላንድ በስተ ደቡብ በኅዳር 1963 ከባሕር ሥር በፈነዳ እሳተ ገሞራ የተወለደች ደሴት ናት፤ ፍንዳታው እስከ ሰኔ 1967 ቀጥሏል። ሳይንቲስቶች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስለተከታተሏት ማን መቼ እንደደረሰ የሚመሰክር መዝገብ አለን። በ1974 ሣር የበቀለበት አንድ ትልቅ የአፈር ጓል በባሕር ተንሳፍፎ ወደ ሰርትሲ ዳርቻ ደረሰ። ተመራማሪዎቹ ግማሹን ወስደው ሲመረምሩት 663 የየብስ ኢንቨርቴብሬቶች ቆጠሩ፤ አብዛኞቹ ማይትና ኮሌምቦላ ነበሩ፤ ከእነርሱም የሚበዙት የባሕሩን ጉዞ በሕይወት ተቋቁመውት ነበር። በአንጻሩ የመሬት ትል በሰርትሲ አፈር ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በ1993 ነው፤ ምናልባትም ወፍ ተሸክማው።

ይህ ልዩነት የነገሩ ቁልፍ ነው። ባሕር ወንፊት ነው። የውኃ ጠብታ የማያርሰው፣ በባሕር ገጽ ላይ መንሳፈፍ የሚችል ኮሌምቦላ ያልፋል፤ በወፍ ላባ ሥር የሚሸሸግ ማይት ያልፋል። ሣር በል አጥቢ እንስሳት አያልፉም፤ ሺ እግር፣ ምስጥና ትላልቅ ብስባሽ በል ጢንዚዛዎችም ወደ ሩቅና ቀዝቃዛ ደሴቶች ብዙ ጊዜ አይደርሱም። ስለዚህ በሩቅ ደሴት አፈር ውስጥ የምናገኘው የአህጉሩን ማኅበረሰብ በትንሹ ሳይሆን፣ ከማኅበረሰቡ ተቆንጥሮ የወጣ ያልተሟላ ስብስብ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። በአህጉር አፈር ላይ ተረቱ በትክክል ይሠራል፤ ድሩ ብዙ ነው። በደሴት ላይ አንበሳው የታሰረው አንዳንዴ በአንድ ክር ነው።

ይህን በዝርዝር ለማየት ከምርጫዬ ሁሉ የማስቀድማት ማሪየን ደሴትን ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን በካርታ ላይ በቀጥታ ወደ ደቡብ ብንሄድ፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ሞዛምቢክን አልፈን፣ በአፍሪካና በማዳጋስካር መካከል ያለውን ባሕር አቋርጠን፣ በ47 ዲግሪ ደቡብ ገደማ እርሷው አጠገብ እንደርሳለን። የደቡብ አፍሪካ ግዛት ናት፤ ስፋቷ 290 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ፕሪንስ ኤድዋርድ የምትባል ታናሽ እኅት አለቻት። ሁለቱም እሳተ ገሞራ የወለዳቸው፣ ነፋስና ዝናብ የማይለያቸው፣ ዛፍ የማይበቅልባቸው ናቸው። የማሪየን አማካይ የዓመት ሙቀት 6 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ሣሩ፣ ሞሱና ትራስ የመሰለው አዞሬላ የተባለው ተክል በዝግታ ያድጋሉ፤ ነባር ሣር በል አጥቢ ስለሌለ አብዛኛው ተክል ሳይጋጥ ይሞታል። በሌላ አነጋገር በአህጉር ላይ በከብትና በአጋዘን ሆድ የሚያልፈው ሁሉ በማሪየን የሚወርደው በቀጥታ ወደ አፈር ነው። አፈሩ ደግሞ ቀዝቃዛና ውኃ የጠገበ ስለሆነ ባክቴሪያው ይሰንፋል። ለምነት የሚመጣው በሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ አንዱ ከባሕር አሣ በልተው በየብስ ኩሳቸውን የሚጥሉ ወፎች ናቸው፤ ሁለተኛው የሞተውን ተክል የሚፈጩ የአፈር እንስሳት ናቸው።

ከእነዚህ ወፍጮዎች መካከል ከመሬት ትል ጋር ዋነኛው የአንዲት የእሳት እራት እጭ ነው። የሳይንስ ስሟ ፕሪንግሊዮፋጋ ማሪዮኒ ይባላል። ዐዋቂዋ የእሳት እራት መብረር አትችልም። ዳርዊን በማዴራ ደሴት ከሚታወቁት 550 የጢንዚዛ ዝርያዎች 200ዎቹ መብረር የማይችሉ መሆናቸውን ጠቅሶ፣ የሚበረውን ነፋስ ወደ ባሕር ስለሚጠርገው ነው ሲል ገምቶ ነበር፤ ቅርብ ጊዜ የተደረጉ ጥናቶችም ነፋስ ብቸኛው ባይሆንም ትልቅ ምክንያት መሆኑን አሳይተዋል። የእሳት እራቷ ዕድሜ አጭር ነው፤ እጩ ግን ለዓመታት በአፈርና በብስባሽ ውስጥ ይኖራል፤ ሳያቋርጥም የሞተ ተክል ይበላል። በቤተ ሙከራ እጩ ያለበትና የሌለበት ብስባሽ ጎን ለጎን ሲነጻጸር፣ እጩ ካለበት የሚለቀቀው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በጉልህ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። አንድ የነፍሳት እጭ የደሴቲቱን አፈር በመመገብ ረገድ የከብት መንጋን ቦታ ይዞ ይገኛል ማለት ነው።

ወደዚህች ደሴት በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሲል የተባለውን የባሕር እንስሳ የሚያድኑ መርከበኞች መጡ፤ ሳያውቁት የቤት አይጥ አራገፉ። አይጧ በምድጃ አጠገብ የለመደችውን እህል በማሪየን አላገኘችም፤ ያገኘችው እጭና ነቀዝ ነበር። በደሴቲቱ ያሉት ነቀዞች የእኛን ጎተራ ከሚያራቁቱት የተለዩ፣ በዱር የሚኖሩ ናቸው። አይጥ ከነቀዞቹ ትላልቆቹን መርጣ ስለምትበላ፣ በማሪየን ዋና ምግቧ የሆነው የነቀዝ ዝርያ የሰውነት መጠን እየቀነሰ መሄዱ፣ አይጥ ባልደረሰባት በፕሪንስ ኤድዋርድ ግን ተመሳሳይ መቀነስ አለመታየቱ በ1993 በታተመ ጥናት ተመዝግቧል። ሁለት ደሴቶች፣ አንድ ዓይነት አየር፣ አንድ ዓይነት ድንጋይ፣ አንዷ አይጥ ያላት፣ አንዷ የሌላት። የትኛውም ተመራማሪ ገንዘብ ከፍሎ ሊያዘጋጀው የማይችለውን ንጽጽር የመርከበኞቹ መንገድ አዘጋጅቶልናል።

ከዚያ የመጣው መድኃኒት ከበሽታው የባሰ ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ የአየር ጠባይ መከታተያ ጣቢያ ሲቋቋም፣ በጣቢያው የሚርመሰመሱትን አይጦች እንዲይዙ 5 ድመቶች ገቡ። በ1977 ቁጥራቸው ወደ 3400 ደርሶ ነበር፤ በዓመት የሚገድሉትም የባሕር ወፍ 450 ሺሕ ያህል ተገምቷል። አይጥ እያለ ድመት ወፍን መምረጧ የሚያስገርም አይደለም፤ ጉድጓድ ውስጥ የሚጎለት ወፍ ለመያዝ ይቀላል። የመጨረሻዎቹ ድመቶች በ1991 እስኪወገዱ ድረስ ብዙ ዓመትና ብዙ ድካም ጠይቋል። የእኔ ትኩረት ግን በወፎቹ ቁጥር ላይ ብቻ አይደለም። ቀደም ብዬ ለምነት የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው ብያለሁ። ድመቶቹ የባሕሩን ማዳበሪያ የሚያመጡትን ወፎች አመናመኑ፤ አይጦቹ የብሱን ብስባሽ የሚፈጩትን እጮች አመናመኑ። የአንዲት ደሴት አፈር ሁለት ምንጮቹ በአንድ ጊዜ ተነክተዋል።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ደግሞ ማንም ያላሰበው ትስስር ተገኘ። ተጓዥ አልባትሮስ የተባለው ታላቅ ወፍ ከጭቃና ከሣር ጉብታ መሰል ጎጆ ይሠራል፤ አንድ እንቁላል ይጥላል፤ ጫጩቱም እስኪበር አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ድረስ በጎጆው ይቆያል። ሲንክሌርና ቻውን በ2006 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ወፉ በተቀመጠበት ጎጆ ውስጥ ያለው ሙቀት ከአካባቢው አፈር በ5 ዲግሪ ያህል የላቀ ነው፤ በጎጆውም ውስጥ የሚገኘው የእሳት እራት እጭ ብዛት በዙሪያው ካለው አፈር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በቀዝቃዛ ደሴት ላይ 5 ዲግሪ ለአንድ እጭ ቀላል ነገር አይደለም። ወፉ ለጫጩቱ ያሞቀው ጎጆ ለአፈሩ ሠራተኛም ማደጊያ ሆኗል። አይጥ ይህንንም ሰንሰለት ከሁለቱም ጫፍ ትበላዋለች፤ ከ2003 ጀምሮ የአልባትሮስ ጫጩቶችን በሌሊት እያቆሰለች እንደምትገድል ተመዝግቧል፤ በ2023 ደግሞ በዐዋቂ ተጓዥ አልባትሮሶች ላይ ያደረሰችው ሞት ታየ። ወፏ አሥራ አምስት ግራም በምትመዝን እንስሳ እየተበላች ከጎጆዋ አትነሣም፤ በዘር ታሪኳ የየብስ ጠላት አታውቅምና መከላከያ አልተማረችም።

የአየሩ ጠባይም አልተኛም። ማሪየን ከ1960ዎቹ ወዲህ ከ1 ዲግሪ በላይ ሞቃለች፤ ዝናቧም ቀንሷል። ሙቀቱ የአይጧን የመራቢያ ወቅት ያራዝምላታል። ለኮሌምቦላዎቹ የሚያመጣው ነገር ደግሞ ይበልጥ ረቂቅ ነው። በ2007 የታተመ የቻውንና የባልደረቦቹ ሙከራ የደሴቲቱን ነባር ኮሌምቦላዎች ከሌላ ቦታ ከመጡት መጤዎች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ሁለቱም ወገኖች አስቀድመው በሞቃት ሁኔታ ሲቆዩ፣ መጤዎቹ ድርቀትን የመቋቋም ዐቅማቸው ጨመረ፤ የነባሮቹ ግን ቀነሰ። አፈሩ ሲሞቅና ሲደርቅ ሥራው ከነባሮቹ እጅ ወደ መጤዎቹ እጅ ሊሸጋገር ይችላል ማለት ነው። ይህ ሽግግር በዓይን አይታይም፤ ሣሩ ያው ሣር፣ ሞሱም ያው ሞስ ይመስላል። በፈነል የሚቆጥር ሰው ከሌለ ማንም አያውቀውም።

እስካሁን ያየነው የመቀነስን ጉዳይ ነው። የመጨመርን ጉዳይ ለማየት ወደ ደቡብ እንዝለቅ፤ በአንታርክቲክ ቀጣና ከደቡብ ኦርክኒ ደሴቶች አንዷ የሆነችው ሳይኒ አለች። በ1960ዎቹ ተክሎች በዚያ ብርድ ይበቅሉ እንደሆነ ለመሞከር ከደቡብ ጆርጂያ ደሴት ተክል ወደ ሳይኒ ተወሰደ። ከተክሉ ጋር በአፈሩ ውስጥ ተሸሽጋ ኤረትሞፕተራ መርፊ የተባለች የማትበር ትንኝ ገባች። ይህች ትንኝ ያለ ወንድ ትራባለች፤ ስለዚህ አንዲት ሴት ብቻ ብትተርፍ ዘር ለመተካት በቂ ናት። እጯ በረዶ ይችላል፤ ሁለት ዓመት ያህልም በሞስ ብስባሽ ውስጥ እየበላ ያድጋል። ሳይኒ እንደርሷ ያለ ብስባሽ ፈጪ አልነበራትም፤ ከማይትና ከኮሌምቦላ የበለጠ ጥርስ ያለው ሠራተኛ አታውቅም። ዛሬ ትንኟ በሰፈረችበት ቦታ የእጮቿ ክብደት የነባሮቹን አርትሮፖዶች ጠቅላላ ክብደት የሚበልጥበት ስፍራ አለ፤ በአፈሩ ውስጥ ያለው የናይትሬት መጠንም ነባሮቹ ብቻ ካሉበት ከ3 እስከ 5 እጥፍ ከፍ ብሎ ተለክቷል። ይህ ሲሎች ተኝተው እዳሪያቸውን ከሚጥሉበት ቦታ ጋር የሚነጻጸር ነው።

አንድ ተማሪ ይህን ሲሰማ ለምነት መጨመሩ ምን ክፋት አለው ሊል ይችላል። በማሳችን ላይ ቢሆን በእልልታ እንቀበለው ነበር። የሳይኒ ሞሶች ግን በድሃ አፈር ላይ ለመኖር የተሠሩ ናቸው፤ ናይትሬቱ ሲበዛ ቦታው ለእነርሱ ሳይሆን ከሌላ ቦታ ለሚመጣ ፈጣን ተክል ይመቻቻል። አንዲት ትንኝ ለሚቀጥለው እንግዳ አልጋ ታነጥፋለች። ወደ አዲስ ቦታ የምትዛመተውም በአብዛኛው በእኛው በተመራማሪዎች ጫማ ላይ በተጣበቀ ጭቃ እንደሆነ ይታመናል። በ1991 የተፈረመው የማድሪድ ፕሮቶኮል መጤ ዝርያ ወደ አንታርክቲክ ማስገባትን ይከለክላል፤ ዛሬ ጫማ የሚታጠበው ስለዚህ ነው። ትንኟ ግን ከሕጉ ቀድማ ገብታለች።

ጉዳዩ የቀዝቃዛ ደሴቶች ብቻ እንዳይመስላችሁ በሕንድ ውቅያኖስ ያለችውን የክሪስማስ ደሴት በአጭሩ ልጥቀስ። በዚያ የረገፈውን ቅጠልና ችግኙን የሚበላው በሚሊዮኖች የሚቆጠር ቀይ ሸርጣን ነው። ቢጫ እብድ ጉንዳን የተባለ መጤ የዛፍ ፈሳሽ መጣጭ ከሆኑ ነፍሳት ጋር ተባበረ፤ እነርሱ ጣፋጭ ፈሳሽ ይሰጡታል፤ እርሱም ይጠብቃቸዋል። በዚህ ስንቅ የተደራጁ ግዙፍ የጉንዳን ሰፈሮች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲታዩ፣ በደረሱበት ሁሉ ሸርጣኑን በአሲድ እያሳወሩ ፈጁት። ሸርጣኑ በጠፋበት ደን ወለል ላይ ቅጠል ተከመረ፤ ችግኝ እንደ አጥር ተጠጋግቶ በቀለ፤ ደኑ መልኩን ቀየረ። የሚገርመው መልሱም ደቃቅ መሆኑ ነው፤ በ2016 ከማሌዥያ 2 ሚሊ ሜትር የምታህል ተርብ መጥታ ተለቀቀች፤ ሥራዋ ጉንዳኑን መንካት ሳይሆን ስንቁን የሚሰጡትን ነፍሳት ማጥፋት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በደቡብ ጎንደር በአውሮፕላን ያለፈ ሁሉ የሚያውቀው ሥዕል አለ፤ ቡናማ ማሳ መካከል እንደ አረንጓዴ ነጥብ የተበተኑ የቤተ ክርስቲያን ደኖች። ማክአርተርና ዊልሰን በ1967 ባሳተሙት የደሴት ሥነ ሕይወታዊ ጂኦግራፊ ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ በአንድ ደሴት የሚኖሩት ዝርያዎች ብዛት በደሴቱ ስፋትና ከምንጩ ባለው ርቀት ይወሰናል። የቤተ ክርስቲያን ደኖችም በማሳ ባሕር የተከበቡ ደሴቶች ናቸው ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። እኔ ምሳሌውን በከፊል ብቻ እቀበለዋለሁ። ማሳ እንደ ጨው ውኃ ሕይወት አልባ አይደለም፤ የራሱ የአፈር ፍጥረት አለው። ጥላና እርጥበት የለመደ የደን ማይት ግን በየካቲት ፀሐይ የታረሰ መሬት አቋርጦ ወደ ሚቀጥለው ደን ይደርሳል ብዬ አላስብም፤ ለእርሱ ያ ሁለት ኪሎ ሜትር በርግጥ ባሕር ነው። እንግዲህ ደኖቹን በዛፍና በወፍ ብዛት ብቻ መመዘን አይበቃም። ዛፎቹ ቆመው እያሉ ከሥራቸው ያለው ወፍጮ ቢጎድል፣ የዛፉ ዕድሜ ረጅም ስለሆነ ጉድለቱ የሚታየን ዘግይቶ ነው።

በመጨረሻም ወደ ማሪየን ልመለስ፤ በዚያ አሁን የሚታሰበው ሥራ ለእኛ ለአፈር ሰዎች ልዩ ዕድል ይዟልና። የደቡብ አፍሪካ መንግሥትና በርድላይፍ ሳውዝ አፍሪካ በጋራ በነደፉት ፕሮጀክት መሠረት፣ በመላው ደሴት ላይ ከሄሊኮፕተር የተመረዘ ምግብ ተረጭቶ አይጡ ሙሉ በሙሉ እንዲወገድ ታቅዷል። ሥራው ከባድ ነው፤ አንዲት ያረገዘች አይጥ ብትተርፍ ሁሉም ከንቱ ይሆናል። የማይቻል ግን አይደለም፤ የአውስትራሊያዋ ማኳሪ በ2014 ከጥንቸል፣ ከአይጥና ከአይጠ መጎጥ መጽዳቷ ታውጇል፤ የኒውዚላንድ አንቲፖድስ ደሴትም በ2018 እንዲሁ። መርዙ እጮቹንስ አይጎዳም ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ የሚሠራው የደም መርጋትን በማገድ ሲሆን የነፍሳት ደም የሚረጋው በሌላ መንገድ ስለሆነ ጉዳቱ አነስተኛ እንደሚሆን ይጠበቃል።

ለፕሮጀክቱ ገንዘብ የሚለመነው በአልባትሮስ ሥዕል ነው፤ ይህን አልነቅፍም፤ በእጭ ሥዕል ለምኖ ያገኘ ሰው አላውቅም። ነገር ግን ስኬቱ የሚመዘነው በወፍ ቆጠራ ብቻ ከሆነ ከጉዳዩ ግማሹን እናጣለን። አይጡ ከመወገዱ በፊት የእጩ፣ የነቀዙና የኮሌምቦላው ብዛት፣ የብስባሹ የመፍረስ ፍጥነትና የአፈሩ ናይትሮጅን በቋሚ ቦታዎች ላይ መለካት አለባቸው፤ ከተወገደ በኋላ ሊለካ አይችልምና። ፕሪንስ ኤድዋርድ ደግሞ ማነጻጸሪያ ሆና ትጠብቃለች፤ ወደ እርሷ መግባት በጥብቅ የተገደበ ስለሆነ ልኬቱ በጥቂት ቀናት ጉብኝት መጠናቀቅ ይኖርበታል። ትዕግሥትም ያስፈልጋል። እጩ አንድ ትውልድ ለመተካት ዓመታት ይወስድበታል፤ አልባትሮስም በሁለት ዓመት አንዴ ነው የሚጥለው። በ3 ዓመት የገንዘብ ድጋፍ የተጻፈ የምርምር ዕቅድ የመጀመሪያውን ምልክት እንኳ ሳያይ ያልቃል፤ ልኬቱ ቢያንስ ለ20 ዓመት እንዲቀጥል ተደርጎ መታቀድ አለበት የሚል አቋም አለኝ።

የፈነሉን አሠራር ማየት ለምትፈልጉ፣ ከግቢያችን ጽድ ሥር የተወሰደ አፈር ትናንት ማታ አምፑል ሥር ተቀምጧል፤ ከጥያቄዎቹ በኋላ በማይክሮስኮፕ እናየዋለን። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።